አዘርባጃን፦ ምድሯ፣ ሕዝቧና ነዳጇ

አዘርባጃን የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አካል የነበረች፣ በካስፒያን ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ አገር ናት። ስፋቷ 86,600 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባታል። በሰሜን ከሩሲያ፣ በሰሜን ምዕራብ ከጆርጂያ፣ በምዕራብ ከአርመኒያ፣ በደቡብ ከኢራን ትዋሰናለች። ናኺቼቫን የተባለው ራስ ገዝ ክፍሏ ከዋናው ምድር በአርመኒያ ግዛት ተቆርጦ ለብቻው የቆመ ሲሆን፣ አገሪቱ ከቱርክ ጋር ያላት አጭር ድንበርም በእሱ በኩል ያለው ብቻ ነው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን የታላቁ ካውካሰስ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ ከእነርሱ ከፍተኛው ባዛርዱዙ 4,466 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ የኩራና የአራስ ወንዞች የሚያጠጡት ሰፊ ሜዳ ይገኛል፤ ጥጥና እህል የሚመረተው በአብዛኛው እዚህ ሲሆን፣ ከሜዳው ብዙው ክፍል ከባሕር ወለል በታች ነው። ዋና ከተማዋ ባኩም ከባሕር ወለል 28 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከዓለም ዋና ከተሞች መካከል በዝቅተኛነት የሚስተካከላት የለም። በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የላንካራን አካባቢ ዝናባማ በመሆኑ ሻይና ብርቱካን ያበቅላል። ባኩ ያረፈችበት የአብሼሮን ባሕረ ገብ ምድር ግን ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ነዋሪዎቹ ቀዝቃዛውን የሰሜን ነፋስ ኻዝሪ፣ ሞቃቱን የደቡብ ነፋስ ጊላቫር ብለው ይጠሩታል።

በዚህ ደረቅ ምድር ጋዝ ከስንጥቅ እየወጣ ይነድዳል፤ ከ300 በላይ የሚሆኑ የጭቃ እሳተ ገሞራዎችም በአገሪቱ ይገኛሉ። ሱራኻኒ በተባለው ሰፈር የህንድ ነጋዴዎች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የሠሩት አቴሽጋህ የተባለ የእሳት ቤተ መቅደስ አለ። እሳቱ ለዘመናት ከምድር በሚወጣ ጋዝ ሲነድድ ቆይቶ፣ በአካባቢው የጋዝ ክምችት ብዙ ከተቀዳ በኋላ በ1969 ጠፋ፤ ዛሬ ጎብኚዎች የሚያዩት ነበልባል በከተማዋ የጋዝ ቧንቧ የሚቀጣጠል ነው። ስለ አዘርባጃን ብዙ ከተጻፈው ይልቅ ይህ አንድ ነገር አገሪቱን በደንብ ይገልጻታል ለማለት ይቻላል።

በአገሬው ቋንቋ ነዳጅ ዘይት ኔፍት ይባላል፤ በእኛ ጋራዦች የምንለው ናፍጣም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በባኩ ዳርቻ ቢቢ ሄይባት በ1846 በመሣሪያ ተቆፍሮ ነዳጅ የተፈለገበት ጉድጓድ በዓለም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1873 የስዊድናዊው የኖቤል ቤተሰብ ልጅ ሮበርት ለጠመንጃ ሰደፍ የሚሆን የለውዝ እንጨት ፍለጋ ወደ ካውካሰስ ተልኮ፣ በያዘው ገንዘብ ባኩ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ገዛ። ወንድማማቾቹ በ1879 ያቋቋሙት ኩባንያ ያኔ ባኩን ይገዛ ከነበረው ከሩሲያ ንጉሣዊ ግዛት ታላላቅ ድርጅቶች አንዱ ሲሆን፣ በስማቸው የሚታወቀው ሽልማት ከቆመበት ሀብት ከፊሉም ከዚህ የተገኘ ነው። ኃጂ ዘይናላብዲን ታጊዬቭን የመሰሉ ባለሀብቶችም ከአገሬው ወጡ፤ ከድህነት ተነሥተው በነዳጅ የከበሩት ታጊዬቭ በ1901 ለሙስሊም ልጃገረዶች ዓለማዊ ትምህርት የሚሰጥ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያው ዓመት ከዓለም ነዳጅ ግማሽ ያህሉ የሚቀዳው ከባኩ ነበር።

የሩሲያ ንጉሣዊ አገዛዝ ሲወድቅ፣ በሜይ 1918 የአዘርባጃን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ታወጀ። ይህ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት በመስጠት ከብዙ የኤውሮጳ አገሮች ቀድሟል፤ ሆኖም በኤፕሪል 1920 ቀይ ጦር ባኩ ሲገባ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው አበቃ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሶቪየት ጦር ከቀረበው ነዳጅ አብዛኛው የባኩ ስለነበር፣ ሂትለር በ1942 ሠራዊቱን ወደ ካውካሰስ ያዘመተው ይህንን ለመያዝ ነበር፤ ነገር ግን ባኩ ሳይደርስ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ ከባሕሩ መካከል በብረት ምሰሶዎች ላይ ኔፍት ዳሽላሪ የተባለች የነዳጅ ሠራተኞች ከተማ መቆም ጀመረች። ከተማዋ መንገድ፣ መኖሪያ ቤትና የዳቦ መጋገሪያ ሳይቀር የነበራት ስትሆን፣ ዛሬ ከፊሏ በባሕሩ ተውጧል።

አገሪቱ በኦክቶበር 1991 ነፃነቷን ስታውጅ የወረሰችው ያረጁ ጉድጓዶችንና ጦርነትን ነበር። መንገዱ የተቀየረው በሴፕቴምበር 1994 ከውጭ ኩባንያዎች ጋር «የምዕተ ዓመቱ ውል» የተባለው ስምምነት ሲፈረም ነው። ባሕር በር የሌላት አገር ነዳጇን በማን ምድር አሳልፋ ትሸጥ የሚለው ጥያቄ ግን ከውሉ ያላነሰ ከባድ ነበር። የሩሲያንም የኢራንንም ምድር ሳይነካ፣ ከባኩ በጆርጂያዋ ትብሊሲ አልፎ የቱርኩ የጄይሃን ወደብ የሚደርሰው 1,768 ኪሎ ሜትር የቧንቧ መስመር በ2006 ነዳጅ ማድረስ ጀመረ። ከሻህ ዴኒዝ የባሕር መስክ የሚወጣው ጋዝም ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ እስከ ጣሊያን ይደርሳል።

ገቢው በ1999 በተቋቋመው የነዳጅ ፈንድ ይጠራቀማል፤ ክምችቱም ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ነዳጅና ጋዝ ከወጪ ንግዱ 90 በመቶ ያህሉን የሚይዙ ሲሆን፣ ይህን ያህል በአንድ ሸቀጥ ላይ መደገፍ የሚያስከፍለው ዋጋ በ2015 ታይቷል። የዓለም ዋጋ ሲወርድ ማናት የተባለው ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲረክስ ተደረገ፤ አንድ ዶላር ከ0.78 ማናት ተነሥቶ 1.55 ደረሰ። በዶላር የተበደሩ ቤተሰቦች ደሞዛቸው ሳይጨምር ዕዳቸው እጥፍ ሆነ። የነዳጅ ምርቱም በ2010 በቀን አንድ ሚሊዮን በርሜል ያህል ደርሶ ከዚያ ወዲህ እየቀነሰ ነው።

ነዳጁ ብዙ ሰው አይቀጥርም። ከሠራተኛው ሕዝብ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆነው ኑሮው በእርሻ ላይ ነው፤ እርሻው ግን ለአገሪቱ ምርት የሚያዋጣው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም። ጥጥ፣ ቲማቲም፣ የጎይቻይ ሮማንና የሰሜን ምዕራብ የሃዘልነት ዛፎች የገጠሩ መተዳደሪያ ሲሆኑ፣ ብዙ ወጣቶች ሩሲያ ሄደው ሠርተው ለቤተሰብ ይልካሉ። ስለዚህ የባኩን የመስታወት ሕንጻዎች ብቻ ያየ ሰው አገሪቱን አየሁ ሊል አይችልም።

አብዛኛው ሕዝብ ከቱርክኛ ጋር የሚቀራረበውን አዘርባጃንኛ ይናገራል፤ ሌዝጊኖች፣ ታሊሾች፣ ሩሲያውያንና በዚያው አገር ኩባ በተባለች ከተማ አጠገብ የሚኖሩ የተራራ አይሁዶችም አሉ። በኢራን የሚኖሩት አዘርባጃናውያን በቁጥር ከሪፐብሊኩ ሕዝብ ይበልጣሉ። አብዛኛው ሙስሊም በተለይም ሺዓ ቢሆንም፣ ከ70 ዓመት የሶቪየት አገዛዝ በኋላ ሃይማኖት ከአደባባይ ይልቅ በቤት ውስጥ ያለ ነው። በማርች የሚከበረው የጸደይ መግቢያ በዓል ኖውሩዝ ግን ሁሉንም ያገናኛል፤ ከበዓሉ በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ሰዉ በየማክሰኞው እሳት እያነደደ ይዘላል፣ የበቀለ ስንዴ በሳህን ያቀርባል። በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ፊደሉ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፦ በ1920ዎቹ ከዓረብኛ ወደ ላቲን፣ በ1939 ወደ ሲሪሊክ፣ በ1991 እንደገና ወደ ላቲን። አያት የጻፈውን የልጅ ልጅ ማንበብ የማይችልበት ቤት ያለው ለዚህ ነው።

ሥልጣን ከ1993 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ እጅ ነው። የቀድሞው የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ሄይዳር አሊዬቭ እስከ 2003 ገዝተው ልጃቸው ኢልሃም ተተኩ፤ በ2009 የፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን ገደብ ተነሣ፣ በ2017 ደግሞ የፕሬዚዳንቱ ባለቤት መህሪባን አሊዬቫ ምክትል ሆነው ተሾሙ። ተቃዋሚዎችና ጋዜጠኞች በተደጋጋሚ ይታሰራሉ።

ናጎርኖ ካራባኽ በአዘርባጃን ግዛት ውስጥ ያለ፣ አብዛኛው ነዋሪው አርመን የነበረ አካባቢ ነው፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእሱ የተነሣው ጦርነት በአርመኖች ድል ሲያበቃ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ አዘርባጃናውያን ከቀያቸው ተፈናቀሉ። በነዳጅ ገንዘብ የታጠቀው የባኩ ሠራዊት በ2020 በ44 ቀን ጦርነት አብዛኛውን አስመለሰ፤ በሴፕቴምበር 2023 ለወራት ከዘለቀ የመንገድ መዘጋት በኋላ ቀሪውን ሲይዝ፣ በተራው ከ100,000 በላይ አርመኖች በቀናት ውስጥ አካባቢውን ለቀው ወጡ። መንግሥት በፉዙሊ፣ በዛንጊላንና በላቺን አውሮፕላን ማረፊያዎችን በፍጥነት ሠርቷል። የቀድሞ ነዋሪዎች መመለስ ግን የሚሄደው በፈንጂ አምካኞች እርምጃ ልክ ነው።