ሲኤምዋይኬ ምንድን ነው? የስክሪን ቀለም ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል?

ስክሪን ላይ ቦግ ያለ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲታተም ፍዝዝ ብሎ ይመጣል። ብዙ ሰው ወዲያው ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ስክሪንና ወረቀት ቀለም የሚያወጡበት መንገድ ጭራሽ አይገናኝም።

ስክሪን ብርሃን ያመነጫል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በተለያየ መጠን እየቀላቀለ ቀለም ይሠራል። አርጂቢ የሚባለው ይሄ ነው። ሦስቱንም እስከ መጨረሻው ካበራን ነጭ፣ ሁሉንም ካጠፋን ጥቁር እናገኛለን። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ያረፈበትን ብርሃን መልሶ ይሰጠናል፤ የተቀባው ቀለም ደግሞ ከዚያ ብርሃን ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ሕትመት የሚሠራው በሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ ሰማያዊ)፣ በማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ)፣ በቢጫና በጥቁር ነው። ሲኤምዋይኬ ማለት እነዚህ አራቱ ናቸው። ሳያን፣ ማጀንታና ቢጫ ሲደባለቁ ጥርት ያለ ጥቁር ሳይሆን የደፈረሰ ቡኒ ስለሚወጣ ነው ጥቁር ለብቻው የተጨመረው። አራቱ ስክሪን የሚያበራውን ደማቅ ቀለም ሁሉ አይደርሱበትም፤ አረንጓዴው ወረቀት ላይ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

እስቲ አንድ ቀለም ይዘን እንሂድ፦ #336699። ይሄ አጻጻፍ ሄክስ ይባላል። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ክፈሉት። 33 ለቀይ፣ 66 ለአረንጓዴ፣ 99 ለሰማያዊ ነው። ሄክስ የሚቆጥረው በ10 ሳይሆን በ16 ነው። ስለዚህ 33 ማለት 3 ጊዜ 16፣ ሲደመር 3፣ ማለትም 51 ነው። በዚሁ ስሌት 66 ወደ 102፣ 99 ደግሞ ወደ 153 ይቀየራል። በአርጂቢ 51፣ 102፣ 153 ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ስለሚሄድ በዚህ መንገድ ከ16 ሚሊዮን በላይ ቀለም መጻፍ ይቻላል። ይሄው ቀለም በኤችኤስኤል (ቀለምን በዓይነቱ፣ በድምቀቱና በብሩህነቱ መጠን በሚገልጽ ሌላ አጻጻፍ) 210 ዲግሪ፣ 50 በመቶ፣ 40 በመቶ ይሆናል። አጻጻፉ ተለያየ እንጂ ቀለሙ ያው ነው። እዚህ ድረስ ስንቀይር የሚጠፋ ነገር የለም፤ ተራ ሒሳብ ነው።

ወደ ሲኤምዋይኬ ስንሻገር ነው ነገሩ የሚከብደው። በቀላሉ ቀመር ካሰላነው፣ በሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ቅደም ተከተል፣ 67፣ 33፣ 0፣ 40 በመቶ ይወጣል። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ብዙ መቀየሪያዎች የሚሰጡት ይሄንኑ ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ወረቀቱም ስለ ማሽኑም የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቀለሙን ከላይ ይይዘዋል፤ የጋዜጣ ወረቀት ወደ ውስጥ ይመጠዋል። ያው ቁጥር በሁለቱ ላይ ሌላ ሌላ ቀለም ይሆናል። ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሠራው አይሲሲ ፕሮፋይል ነው፤ አንድ የሕትመት ሁኔታ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል። ለውጡን በፕሮፋይል ሥሩ። የትኛውን እንደምትጠቀሙ ማተሚያ ቤቱን ከሥራው በፊት ጠይቁት። ወረቀቱ የሚችለውን ከፍተኛ የቀለም መጠንም አብራችሁ ጠይቁ።

በጣም የሚያሳስበኝ የጥቁር ጉዳይ ነው። አርጂቢ 0፣ 0፣ 0 ፎቶሾፕ ውስጥ በተለመደው የአሜሪካ ፕሮፋይል ሲቀየር 75፣ 68፣ 67፣ 90 ይሆናል። ድምሩ 300 በመቶ ቀለም ነው። ደቃቅ ጽሑፍ በዚህ ከታተመ አራቱም ቀለሞች ፊደሉ ላይ ልክክ ብለው ማረፍ አለባቸው። አንዱ ትንሽ ፈቀቅ ካለ የፊደሉ ዳር በቀለም ይደበዝዛል፤ ለማንበብም ያስቸግራል። ለጽሑፍ 0፣ 0፣ 0፣ 100 ተጠቀሙ። ሰፊ ጥቁር ቦታ ላይ ግን ተቃራኒው ነው፤ ጥቁሩ ብቻውን ግራጫ ግራጫ ስለሚል ከሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ይጨመርበታል።

ሎጎ የግድ በየሕትመቱ አንድ ዓይነት መሆን ካለበት ፓንቶን አለ። ቀለሙ ቀድሞ ተቀላቅሎ በቁጥር የሚታዘዝ ስለሆነ አራቱ የማይደርሱበትን ደማቅ ብርቱካናማ ጭምር ይሰጣል። ወጪው ግን ይጨምራል።

ዋናውን ፋይል ሁልጊዜ በአርጂቢ አስቀምጡት፤ ወደ ሲኤምዋይኬ የሚቀየረው ቅጂው ይሁን። አንዴ የደበዘዘ አረንጓዴ ወደ አርጂቢ ስለተመለሰ ድምቀቱ አይመለስም።