ወባን በመድኃኒት ሱቅ መመርመር፦ የኡጋንዳ ተሞክሮ

ኡጋንዳ ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ አይደለም፤ ሰፈሩ ውስጥ ወዳለችው የመድኃኒት ሱቅ ነው። ሱቋ ቅርብ ናት፣ እስከ ማታ ክፍት ናት፣ ሰልፍም የለባትም። ሻጯ አብዛኛውን ጊዜ ነርስ፣ አዋላጅ ወይም ረዳት ነርስ ናት። ፈቃድ የሚሰጠው የአገሪቱ ብሔራዊ የመድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ሳያወጡ የሚሠሩም አሉ።

ለረጅም ጊዜ በእነዚህ ሱቆች የወባ መድኃኒት የሚሸጠው በግምት ነበር። ትኩሳት ካለ ወባ ነው ይባላል፤ ይኸው ነው። ግን የሳንባ ምችም፣ ታይፎይድም፣ ተራ ጉንፋንም ያተኩሳሉ። የሳንባ ምች ያለበት ሕፃን የወባ ሽሮፕ ይዞ ቤቱ ሲመለስ የሚባክነው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሕይወቱን ሊያተርፉ የሚችሉ ቀናትም አብረው ይባክናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መመሪያውን ቀየረ። ወባ የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይመርመር አለ። በዚያው ወቅት ወባን፣ ኤችአይቪንና ቲቢን ለመዋጋት ገንዘብ የሚሰጠው ግሎባል ፈንድ በኡጋንዳና በሌሎች አገሮች ዋጋውን በመደጎም አርቴሚሲኒን ያለባቸው ጥምር የወባ መድኃኒቶች በግል ሱቆችም እንዲረክሱ እያደረገ ነበር። መድኃኒቱ ረክሶ ምርመራው ከሌለ ግን ያለ ወባ የሚውጠው ሰው ይበዛል። ሱቆቹም መመርመር አለባቸው የሚለው ሐሳብ የጠነከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሱቆቹ የሚጠቀሙት ፈጣን የወባ ምርመራ ማይክሮስኮፕም መብራትም አይፈልግም። ሻጯ ጓንት ታደርጋለች፤ የጣት ጫፍ በአልኮል ጠርጋ እስኪደርቅ ትጠብቅና ትወጋለች። አንዲት ጠብታ ደም ትንሿ ፕላስቲክ ካሴት ላይ ይገባል፤ በሌላኛው ቀዳዳ ፈሳሹ ይንጠባጠባል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። አንድ መስመር ብቻ ከወጣና እሱም የመቆጣጠሪያው መስመር ከሆነ ወባ አልተገኘም ማለት ነው። ሁለተኛ መስመር ከወጣ፣ ደብዛዛም ቢሆን፣ ወባ አለ። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ኪቱ፣ ማለትም የመመርመሪያው ዕቃ፣ ተበላሽቷል፤ በሌላ ይደገማል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ማንበብ ያሳስታል፤ ሱቁ በደንበኛ ሲጨናነቅ የሚፈጠረው ስህተትም ይሄ ነው። የተወጋበት መርፌ ደግሞ ለብቻው በተዘጋጀ ሳጥን ውስጥ መጣል አለበት።

ይህ ሁሉ በሱቅ ደረጃ ይሠራል ወይ የሚለው በሰፊው የተፈተነው ከካምፓላ በስተምሥራቅ ባለችው ሙኮኖ ወረዳ ነው። ሱቆቹ በ20 ምድብ ተከፈሉ። አሥሩ እየመረመሩ፣ አሥሩ እንደ ድሮው በግምት እንዲያክሙ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓመቱን ሙሉ 15,517 ሕሙማን ተካተቱ። ምርመራ ካለበት ሱቅ ከሄዱት ውስጥ 97 በመቶው ገንዘብ ከፍለው ለመመርመር ፈቀዱ። ከተመረመሩት ወባ የተገኘባቸው 58.5 በመቶ ብቻ ናቸው። ትክክለኛውን ሕክምና ያገኙት በመርማሪ ሱቆች 72.9 በመቶ፣ በሌሎቹ ደግሞ 33.7 በመቶ ሆኑ። እንደኔ ትልቁ ዜና ሻጮቹ መድኃኒት መሸጥ እንጀራቸው ሆኖ ሳለ የካሴቱን መልስ ማክበራቸው ነው።

ዋናው ፈተና የሚመጣው ግን ወባ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ደንበኛው ከፍሏል፣ ያተኩሰዋል፣ ቆርጥሞታል፣ «ወባ የለብህም» ተባለ። ታዲያ ምን ይዞ ይሂድ? ሻጯ ወደ ጤና ጣቢያ ልትልከው ይገባል። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ወይም መድኃኒት ካለቀበት ግን አይሄድም። ባዶ እጁን ላለመስደድ አንቲባዮቲክ የምትሸጥለት ሻጭ አትጠፋም። የወባ ፈጣን ምርመራ በገባባቸው በርካታ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም፣ ወባ ያልተገኘባቸው ሰዎች አንቲባዮቲክ የሚሰጣቸው ከተገኘባቸው በላቀ መጠን እንደሆነ አሳይተዋል። አንዱን አላግባብ አጠቃቀም ዘግቶ ሌላውን መክፈት ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ካሴቱን ብቻ አድሎ መሄድ አያዋጣም። የመላኪያ ወረቀት፣ የሚቀበል ጤና ጣቢያና የማያቋርጥ ክትትል አብረው ካልመጡ ሥራው ግማሽ ነው። የሕዝቡ ስጋትም መደመጥ አለበት፦ ሙኮኖ ውስጥ አንዳንዶች ሱቁ ሳይነግረን ኤችአይቪም ይመረምረን ይሆን ብለው ፈርተው ነበር።

በኢትዮጵያ ይህ ፈጣን ምርመራ የሚታወቀው በጤና ኬላ፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ነው። የግል መድኃኒት ቤቶችን ለማስገባት ቢታሰብ የኡጋንዳን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እዚያ የሚያመዝነው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ነው። እዚህ ቫይቫክስ የተባለው ሌላው ዓይነትም በብዛት አለ፤ መድኃኒቱም ይለያል። አርቴሚሲኒን ያለበት ጥምር መድኃኒት የሆነው ኮአርተም ለፋልሲፓረም፣ ክሎሮኪን ለቫይቫክስ ነው፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ በኋላ የሚያገረሸውን ቫይቫክስ የሚያጠፋው ደግሞ ፕሪማኪን ነው። ስለዚህ ኪቱ ሁለቱን መለየት አለበት፤ ሻጩም የትኛው መስመር የትኛው እንደሆነ ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

ሌላም ጣጣ አለ። ብዙዎቹ ኪቶች ፋልሲፓረምን የሚያውቁት ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጠፋባቸው ጥገኛ ተሕዋስያን በኤርትራም በኢትዮጵያም ተገኝተዋል። እነሱ ያሉበት ሰው ታሞ እያለ ኪቱ «የለም» ሊል ይችላል። በዚህ ሳቢያ የሚያመልጡት ከ5 በመቶ ካለፉ ኪቱ በሌላ ዓይነት እንዲተካ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ኪት ሲቀየር ደግሞ በጤና ኬላውም በሱቁም አንድ ላይ መቀየር አለበት። አለበለዚያ አንድ ሕመምተኛ በአንድ ቀን ሁለት የተለያየ መልስ ሊሰጠው ይችላል።