ቤልሞንቴ፦ የካብራል ግንብ፣ የተሸሸገው ሰንበትና የኤሽትሬላ ተራራ

ቤልሞንቴ ወደ ስፔን ድንበር በሚጠጋው የፖርቱጋል ክፍል፣ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የግራናይት ኮረብታ ላይ የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። በስተምዕራብ የሴራ ዳ ኤሽትሬላ ተራሮች ይጋርዷታል፤ ከግርጌዋ ደግሞ የዜዜሬ ወንዝ ኮቫ ዳ ቤይራ የተባለውን ለም ሸለቆ እያጠጣ ያልፋል። በሥሯ ካሉት መንደሮች ጋር ተደምሮ እንኳ ነዋሪዋ 7 ሺህ አይሞላም። ያም ሆኖ ሁለት ታላላቅ ታሪኮች ተጎራብተው ይኖሩባታል፦ ብራዚል የደረሰውን የመጀመሪያውን የፖርቱጋል መርከብ ጓድ የመራው ሰው የተወለደው እዚህ ነው፤ ሃይማኖታቸውን ለአራት መቶ ዓመታት ያህል ደብቀው ያቆዩ አይሁዶች የኖሩትም እዚሁ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ቀናት፣ ወራትና ወቅቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሥ ሳንሾ ቀዳማዊ ለቤልሞንቴ የከተማነት መብት የሰጡት በ1199 ነው። ዘመኑ ፖርቱጋል ድንበሯን ከሊዮን መንግሥት የምትጠብቅበት ስለነበር ኮረብታው ላይ ምሽግ ተሠራ። በ1466 ንጉሥ አፎንሶ አምስተኛ ምሽጉን ለፈርናው ካብራል ሰጡት፤ ቤተሰቡም ወታደራዊውን ግንብ ወደ መኖሪያ ቤት ለወጠው። በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ያለችው ባለ ሁለት ቅስት መስኮት የዚያ ለውጥ ምስክር ናት፤ ከሻካራው ድንጋይ መሐል ጌጧ ከሩቅ ይለያል። ከመስኮቷ በላይ የካብራል ቤተሰብ አርማ የሆኑት ሁለት ፍየሎች ተቀርጸዋል። ቤተሰቡ ግንቡን ለቆ ከወጣ ቆይቷል። አሁን በቅጥሩ ውስጥ የሕዝብ ትዕይንት የሚቀርብበት ክፍት መድረክ አለ፤ ከግንቡ ላይ ሆኖ ሸለቆውንና ተራሮቹን በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል።

ከግንቡ አጠገብ ያለው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጎብኚዎች በችኮላ የሚያልፉት ነው፤ እኔ ግን ከግንቡ ይልቅ እርሱ ጊዜ የሚገባው ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ የቆዩ ሥዕሎች ቅሪት ይታያል። ልጇን አቅፋ የምታለቅሰውን ድንግል ማርያምን የሚያሳየው ቅርጽ የተጠረበው ከግራናይት ነው። ግራናይት ለቀራፂ የማይመች፣ ለስላሳ መስመር የማይቀበል ድንጋይ ነው፤ ሐዘኑ ያን ያህል ከባድ ሆኖ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። የካብራል ቤተሰብ የመቃብር ቤትም ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተያይዞ ተሠርቷል።

የፈርናው ልጅ ፔድሮ አልቫሬስ ካብራል መጋቢት 9 ቀን 1500 በ13 መርከቦች ከሊዝበን ወደ ሕንድ ተነሣ። አትላንቲክን ሲያቋርጥ ወደ ምዕራብ ርቆ ስለሄደ ሚያዝያ 22 ቀን ዛሬ ብራዚል የምትባለውን ምድር አየ፤ ከዚያ መርከቦቹን አዙሮ ወደ ሕንድ ጉዞውን ቀጠለ። በከተማዋ ዋና ቤተ ክርስቲያን የምትገኘው የተስፋ እመቤት ምስል በዚያ ጉዞ አብራው እንደነበረች በትውፊት ይነገራል። ለካብራል በከተማዋ ሐውልት ቆሞለታል፤ ስለ ጉዞው የሚተርክ ሙዚየምም አለ። ለብራዚል ነባር ሕዝቦች ያች የሚያዝያ ቀን የመሬት መነጠቅ መነሻ እንደነበረች ግን ጎብኚው ሊዘነጋ አይገባም።

የቤልሞንቴ ልዩነቷ ከሁሉ ይልቅ በአይሁዶቿ ታሪክ ላይ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በከተማዋ ምኩራብ እንደነበረ በዕብራይስጥ የተጻፈ ድንጋይ ይመሰክራል። በ1496 ንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ አይሁዶች ከአገር እንዲወጡ አዋጅ አወጡ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ከመውጣት ይልቅ በግድ ተጠመቁ። ከ1536 እስከ 1821 የቆየው የሃይማኖት መርማሪ ፍርድ ቤት፣ ኢንኩዊዚሽን፣ የተጠመቁት ወደ ቀድሞ እምነታቸው እንዳይመለሱ እያደነ ይቀጣ ነበር። የቤልሞንቴዎቹ በአደባባይ ክርስቲያን፣ በቤታቸው አይሁድ ሆነው ኖሩ። ልጆቻቸውን ያስጠምቃሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ሲገቡ ግን የሚሰግዱት ለእንጨትና ለድንጋይ ሳይሆን ሁሉን ለሚገዛ አምላክ መሆኑን በለሆሳስ ይናገራሉ።

እምነቱን ያቆዩት ሴቶች ናቸው። መጽሐፍ መያዝ ሕይወት የሚያስከፍል ስለነበር ጸሎቱ ሁሉ በቃል፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር፤ ያውም በፖርቱጋልኛ፣ ዕብራይስጡ ተረስቶ። አርብ ማታ የሰንበትን መብራት በተልባ እግር ክር ፈትል ያበሩና ብርሃኑ በመስኮት እንዳይታይ ቁም ሣጥን ወይም እንስራ ውስጥ ያስቀምጡታል። ፋሲካን ከትክክለኛው ቀን ጥቂት ቀናት አዘግይተው ያከብራሉ፤ መርማሪዎቹ ቀኑን ጠብቀው ቤት እንደሚፈትሹ ያውቁ ነበርና። ጋብቻውም ምስጢር እንዳይወጣ በመካከላቸው ብቻ ነበር።

በ1917 ሳሙኤል ሽዋርትዝ የተባለ ፖላንዳዊ አይሁድ የማዕድን መሐንዲስ ለሥራ ወደ አካባቢው መጣ። አንድ የከተማዋ ነጋዴ፣ ከተፎካካሪው ዕቃ እንዳይገዛ ሲያስጠነቅቀው ያ ተፎካካሪ አይሁድ መሆኑን ነገረው። ሽዋርትዝ ነገሩን ተከታትሎ ወደ ማኅበረሰቡ ቀረበ፤ እነርሱ ግን በቀላሉ አላመኑትም። በዓለም ላይ የቀሩት አይሁዶች እነርሱ ብቻ ይመስሏቸው ነበር፤ የእነርሱን የፖርቱጋልኛ ጸሎት የማያውቅ ሰው እንዴት አይሁድ ይሆናል? በመጨረሻ «እስራኤል ሆይ ስማ» የሚለውን ጸሎት በዕብራይስጥ ሲደግም አዶናይ የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ሴቶቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከጠፋው ቋንቋ የቀረላቸው ያ ስም ነበር። አንዲት አሮጊት ይህን ስም የሚያውቅ በእርግጥ አይሁድ ነው ብለው መሰከሩለት። ሽዋርትዝ የሰበሰባቸውን ጸሎቶች በ1925 አሳተመ።

ፍርሃቱ ግን ፍርድ ቤቱ ከፈረሰም በኋላ ቶሎ አልለቀቀም። ማኅበረሰቡ በይፋ የተቋቋመው በ1989 ነው። ቤት ኤሊያሁ የተባለው ምኩራብ የተመረቀውም በ1996፣ የማባረሩ አዋጅ በወጣ በ500ኛው ዓመት ነው። ረቢዎች ከውጭ መጥተው ሥርዓቱን ሲያስተምሩ ብዙዎቹ በደስታ ተቀበሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ የእናቶቻቸውን የቤት ውስጥ ልማድ መተው አልወደዱም። ሁለቱንም መረዳት አያስቸግርም። በ2005 የተከፈተው የአይሁድ ሙዚየም ታሪኩን በሰነድና በቁሳቁስ ያሳያል። ከዚያ ወጥቶ በግንቡ አቅራቢያ ባለው የቀድሞው የአይሁዶች ሰፈር መንቀሳቀስ ይገባል፤ ባለ አንድ ፎቅ የግራናይት ቤቶቹና ጠባብ መንገዶቹ ምስጢር መጠበቅ ምን ያህል አስጨናቂ እንደነበር ያስረዳሉ፤ ጎረቤት የጎረቤቱን ድምፅ የሚሰማበት ሰፈር ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ በወይራና በወይን ማሳ መካከል ሴንቱም ሴላስ የተባለው የሮማውያን ፍርስራሽ ይገኛል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን በትላልቅ ጥርብ ድንጋዮች የተሠራ፣ መስኮትና በር የበዛበት ባለ ፎቅ ሕንፃ ነው። ስለ አገልግሎቱ ብዙ ተብሏል፤ ሕዝቡ መቶ ክፍል ያለው እስር ቤት ነበር ይላል። ቁፋሮው ያሳየው ግን በዙሪያው ሌሎች ሕንፃዎች እንደነበሩና የአንድ ባለጸጋ ርስት አካል መሆኑን ነው። አካባቢው የቆርቆሮ ማዕድን ስለነበረው ሀብቱ ከዚያ መምጣቱ አያስገርምም።

በእግር ወይም በብስክሌት መጓዝ ለሚወድ ቤልሞንቴ ጥሩ መነሻ ናት። 12 ታሪካዊ መንደሮችን የሚያገናኘውና ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ክብ መስመር በእርሷ በኩል ያልፋል። ሁሉንም መጨረስ የሳምንታት ሥራ ነው፤ በቅጥሯ ውስጥ የመካከለኛውን ዘመን መልክ እንደያዘች ወደቆየችው ሶርቴልያ የሚወስደው ክፍል ግን ለአጭር ጊዜ ጎብኚም ይበቃል። ዜዜሬ ወንዝ ዳር ደግሞ በበጋ ለመዋኛ የተዘጋጁ ሥፍራዎች አሉ፤ ውኃው ከተራራ ስለሚወርድ በሐምሌም ቀዝቃዛ ነው።

ወደ ላይ ሲወጣ ኤሽትሬላ ይጠብቃል። ቶሬ የተባለው ጫፉ 1,993 ሜትር ሲሆን በዋናው የፖርቱጋል ምድር ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም፤ ቁጥሩ 2,000 እንዲሞላ የ7 ሜትር ማማ ተሠርቶበታል። በክረምት በረዶ ላይ መንሸራተት የሚቻለው እዚህ ነው። የእኔ ምርጫ ግን ከማንቴይጋሽ ከተማ በላይ ያለው የዜዜሬ ሸለቆ ነው። ጥንት የበረዶ ግግር እየተንሸራተተ የፈለፈለው ይህ ሸለቆ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ ወለሉ ሰፊና ለግጦሽ የተመቸ ነው። እረኞች የሚያመርቱት ዝነኛው የኤሽትሬላ አይብ ከበግ ጥሬ ወተት የሚሠራ ሲሆን ወተቱ የሚረጋው በእሾሃማ ተክል አበባ ነው።

በነሐሴ 2022 የተነሣው ቃጠሎ ከተፈጥሮ ፓርኩ ከ20 ሺህ ሄክታር በላይ አውድሟል። የተቃጠሉ ተዳፋቶች አሁንም ስለሚታዩ፣ በበጋም የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ አንዳንድ መንገዶች ስለሚዘጉ፣ ለእግር ጉዞ የሚመረጠው የጸደይና የመጸው ወቅት ነው። በጸደይ የሸለቆው የቼሪ ዛፎች ያብባሉ።

ከቤልሞንቴ በደቡብ ምዕራብ በኩል የምትገኘውን የሱፍ ጨርቅ ከተማ ኮቪልያን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሳያያት ባይመለስ ይሻላል። በ1487 በፖርቱጋል ንጉሥ ትእዛዝ በአውሮፓ ትውፊት የሚነገርለትን የክርስቲያኑን ቄስ-ንጉሥ የዮሐንስን አገር ፍለጋ የወጣው ፔሮ ዳ ኮቪልያ የዚህች ከተማ ተወላጅ ነበር። በካይሮ፣ በሕንድና በቀይ ባሕር ዞሮ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ደረሰ። ርስትና ሚስት ተሰጠው፤ መመለስ ግን አልተፈቀደለትም። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ በሕይወት አግኝተውታል።

ከኮቪልያ ተነሥቶ በቤልሞንቴ በኩል ወደ ጓርዳ የሚሄደው የባቡር መስመር ከ2009 ጀምሮ ተዘግቶ ቆይቶ በ2021 እንደገና ሥራ ጀምሯል። ጣቢያው ያለው ከኮረብታው በታች ስለሆነ ወደ ከተማዋ ለመውጣት በመኪና መሄድ ወይም ዳገቱን በእግር መውጣት ያስፈልጋል።