ጊላን ባሬ ሲንድረም ከክትባት በኋላ

ጊላን ባሬ ሲንድረም የሰውነት መከላከያ በስህተት የገዛ ነርቮቹን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። የሚጎዱት ከአከርካሪ ወደ እግር፣ ወደ እጅና ወደ ፊት የሚሄዱት የዳርቻ ነርቮች ናቸው። ሐኪሞች በአጭሩ ጂቢኤስ ይሉታል። በዓመት ከ100,000 ሰው 1 ወይም 2 ያህሉን ይይዛል፤ ከሦስት ታማሚ ሁለቱ ግድም ቀደም ባሉት ሳምንታት ተቅማጥ ወይም ጉንፋን የያዛቸው ናቸው። ዋናው ቀስቃሽ ካምፒሎባክተር የተባለው የተቅማጥ ባክቴሪያ ነው። የባክቴሪያው ገጽ የነርቭን ገጽ ስለሚመስል፣ እሱን ለመምታት የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል ነርቩንም ይመታል። ክትባት ይህን የሚቀሰቅሰው ከስንት አንዴ ነው።

የክትባቱ ጥያቄ ጎልቶ የወጣው በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በፎርት ዲክስ ጦር ሰፈር የአሳማ ጉንፋን ታየና ከጥቅምት ጀምሮ 45 ሚሊዮን ያህል ሰው ተከተበ። ከ100,000 ተከታቢ 1 ያህል ተጨማሪ ጂቢኤስ በመታየቱ ዘመቻው በታኅሣሥ ቆመ። የዛሬው ዓመታዊ የጉንፋን ክትባት ጭማሪ ቢኖረው እንኳ ከሚሊዮን 1 ወይም 2 ነው፤ ጉንፋኑ ራሱ ከዚያ የበለጠ ያስከትላል።

«ከክትባት በኋላ» እና «በክትባት ምክንያት» የሚለዩት በስሌት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በጆንሰን የኮቪድ ክትባት ላይ ማስጠንቀቂያ ሲጨምር 12.5 ሚሊዮን ያህል ዶዝ ተሰጥቶ 100 ያህል ጥርጣሬዎች ተመዝግበው ነበር። ይህን ያህል ሰው ባይከተብም በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ14 እስከ 29 ሰው በጂቢኤስ መያዙ አይቀርም። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ነው ያሳሰበው። በአስትራዜኔካም ተመሳሳይ ጭማሪ ታይቷል፤ ሁለቱም በኢትዮጵያ ተሰጥተዋል።

መርፌው ያረፈበት ክንድ መታመሙ፣ አንድ ሁለት ቀን ማተኮሱና መድከሙ ያለ ነው። የደከመው ሰው ግን ጡንቻው ይታዘዝለታል። ጂቢኤስ አብዛኛውን ጊዜ ከክትባቱ በ42 ቀን ውስጥ በሁለቱም እግሮች ይጀምራል፦ ጣቶቹን ይወረዋል፣ ይደነዝዘዋል፤ ከዚያ ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር መነሳት ያቅተዋል። የጡንቻው መዛል በቀናት ውስጥ ወደ ላይ፣ ወደ እጅና ወደ ፊት ይወጣል። ሐኪሙ ጉልበቱን በመዶሻ ሲመታው እግሩ አይፈናጠርም። ከወገብ የሚቀዳው ፈሳሽ ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ ነጭ ሴሎቹ ግን አይበዙም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮቲኑም ደህና ሊሆን ስለሚችል ውጤቱ ብቻውን ሕመምተኛውን ወደ ቤት አያስመልስም።

የሚገድለው ትንፋሽ ሲጠፋ ወይም የልብ ምትና የደም ግፊት ሲዛባ ነው። ከአራት ታማሚ አንዱ ያህል የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ደረቱ ሲደክም የደም ኦክስጅን ዘግይቶ ስለሚወርድ፣ የጣት መለኪያው ደህና ማሳየቱ አያዘናጋ። በአልጋው አጠገብ ያለው ቀላል ፈተና በጥልቅ አየር ስቦ በአንድ ትንፋሽ ማስቆጠር ነው፤ አዋቂ ሰው 20 ሳይደርስ ካቋረጠ፣ ወይም ቁጥሩ ከጠዋት ወደ ማታ ካነሰ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መግባት አለበት። ውኃ ሲጠጣ ትን የሚለውም እንዲሁ።

ሕክምናው በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከጤነኛ ለጋሾች ደም የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ነው፦ በኪሎ 0.4 ግራም በየቀኑ ለ5 ቀን፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 24 ግራም። አማራጩ ፕላዝማ መለወጥ፣ ማለትም የደሙን ፈሳሽ ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። ኢሚዩኖግሎቡሊኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ስቴሮይድ ብዙ ቦታ በልማድ ቢታዘዝም አይረዳም። በስድስት ወር ከአምስት ታማሚ አራቱ ያህል ያለ ድጋፍ ይራመዳሉ።

ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እግሩ በድንገት ከዛለ ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ፖሊዮ ነው። ጂቢኤስ ቢመስልም ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል፤ ድካሙ በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ የአውራ ጣት ያህል ሰገራ ተወስዶ በበረዶ ሣጥን ይላካል።

የጉንፋን ክትባት በወሰደ በስድስት ሳምንት ውስጥ ጂቢኤስ የያዘው ሰው ያንኑ ክትባት ከመድገሙ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይመክራል። ሌሎቹን ክትባቶች ግን በዚህ ብቻ አይከለከልም።