«ቲኬቱ እኮ ተቆርጧል!» — ደሴ ላይ ስለ በረራ ቲኬት፣ ስለ ካንስልና ሪፈንድ (ብር ማስመለስ) በየቀኑ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰላም ያ ጀመዓ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ቲኬት ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰው ሳስተናግድ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው ብሩን የሚያጣው አየር መንገድ ስለበላው ብቻ ሳይሆን ጎረቤት የነገረውን ይዞ ስለሚመጣ ነው። አንዱ በሩ ላይ ቆሞ «ብሬን መልሱልኝ» ሲል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ማነው የሰረዘው? አንተ ነህ ወይስ አየር መንገዱ? መልሱ እዚች ላይ ነው ያለው፣ ሌላው ዝርዝር ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቡክ ተደርጎልኛል፣ ስለዚህ ቲኬት አለኝ»

የለህም። ቡኪንግ ማለት ወንበር ተይዞልሃል ማለት ነው፣ ያቺ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለባት ኮድ እሷን ነው የምትነግርህ። ሰኞ ገበያ ሄደህ በጉን «ያዝልኝ መጣሁ» ብለህ እንደመሄድ ቁጠረው፣ ባለቤቱ እስከተባባላችሁበት ሰዓት ይጠብቅሃል ከዛ ለመጣ ሰው ይሸጠዋል። ሲስተሙም እንደዛው ነው፣ የመክፈያ ሰዓቱ ካለፈ ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ይሰርዘዋል። ቲኬት ማለት ከተከፈለ በኋላ የሚወጣው 13 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ ወይ በስልክ የተላከላችሁ ላይ ያ ቁጥር ከሌለ ብር ለማን እንደሰጣችሁ ቶሎ ብላችሁ አጣሩ። ደላላ ቡኪንጉን ብቻ ፕሪንት አድርጎ ሰጥቷቸው ቦሌ ድረስ ሄደው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ ወላሂ።

«ቲኬቱ ላይ ያለው ቀን ሰው የሚያውቀው ቀን ነው»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እንደዚህ ሰው ያስለቀሰ ነገር አላየሁም። ባለፈው አንድ የሸዋ በር ልጅ ወደ ጅዳ የሚሄድ ነበር፣ ቲኬቱ ላይ ማርች 15፣ 00:30 ይላል። ማርች 15 መጋቢት 6 ነው፣ እሱ ላይ አልተሳሳተም። 00:30 ደግሞ ከሌሊቱ 6:30 ነው፣ እሱንም አውቆታል። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እኛ ቀን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፣ «የመጋቢት 6 ሌሊት» ስንል ስድስት ውሎ የመሸበትን ሌሊት ነው፣ ፈረንጅ ግን ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ስለዚህ በረራው መጋቢት 5 ውሎ የመሸበት ሌሊት ነው፣ ልጁ መጋቢት 5 ማታ 3:30 ላይ ቦሌ መገኘት ነበረበት። እሱ ግን መጋቢት 6 በጠዋቱ የእናቱን ድፎ ዳቦ ይዞ፣ ተመርቆ፣ ደሴ መናኸሪያ አውቶብስ ተሳፈረ። ሐርቡ ላይ ሲደርሱ የአጎቱ ልጅ ከጅዳ ደወለለት፣ «ኤርፖርት ቆሜ እየጠበቅኩህ ነው፣ ለምን አትወጣም?»

አውሮፕላኑ ከመሄዱ በፊት ደውሎ «አልደርስም» ቢል ኖሮ ብዙ ጊዜ የቀን መቀየሪያ ቅጣትና የዋጋ ልዩነት ከፍሎ ይተርፍ ነበር። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ሲሆን ግን ኖ ሾው ይባላል፣ ማለትም ሳትሰርዝም ሳትመጣም የቀረህ ሰው ማለት ነው፣ ቅጣቱ ይጨምራል፣ አንዳንድ ርካሽ ቲኬት ላይ ጭራሽ ዋጋ አይኖረውም። ስለዚህ እንደማትደርስ ካወቅክ፣ ሰርግ ይሁን ለቅሶ ይሁን መንገድ ተዘግቶ ይሁን፣ በረራው ከመነሳቱ በፊት ደውል፣ ደቂቃ ቢቀረውም ደውል። እኔ አሁን ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ያለ በረራ ስሸጥ ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ በአማርኛ «አርብ ማታ 3:30 ቦሌ» ብዬ እጽፍበታለሁ፣ አለቃዬ ይስቅብኛል ይሳቅ።

«ነን ሪፈንደብል ከተባለ አምስት ሳንቲም አይመለስም»

ሁለት ነገር ነው የተደባለቀው። ነን ሪፈንደብል የሚባለው አንተ ሃሳብህን ስትቀይር ነው። እሱም ቢሆን ቲኬቱ ውስጥ የመንግስትና የኤርፖርት ታክስ የሚባል አለ፣ ካልበረርክ የማይከፈል ስለሆነ ብዙ ጊዜ እሱ ይመለሳል፣ ማንም ግን ራሱ ደውሎ «ና ውሰድ» አይልህም፣ መጠየቅ ያንተ ስራ ነው። ለሀገር ውስጥ በረራ ትንሽ ናት፣ ለውጭ በረራ ግን የምትናቅ አይደለችም።

አየር መንገዱ ራሱ ከሰረዘው ግን ነን ሪፈንደብል የምትለዋ ቃል ትሞታለች። ክረምት ላይ ኮምቦልቻ ደመናው ወርዶ በረራው ቀረ እንበል፣ አየር ንብረቱ የማንም ጥፋት አይደለም ግን በረራውን ያልሰጡህ እነሱ ናቸው፣ ስለዚህ በሌላ በረራ እንዲወስዱህ ወይ ብርህን እንዲመልሱልህ መጠየቅ ትችላለህ። ሰው ምን ያደርጋል፣ ይናደድና ቲኬቱን ኪሱ ከቶ ሚኒባስ ይሳፈራል፣ ከወር በኋላ ሲመጣ ሲስተሙ ላይ ምን እንደተመዘገበ ለማጣራት መከራችንን እናያለን። ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ካውንተሩ ላይ ላለው ሰው «ሪፈንድ ነው የምፈልገው፣ መዝግብልኝ» በሉት፣ የመጣላችሁንም ሜሴጅ ስክሪንሹት አንሱ። አዲስ ስልክ ስትገዙ አይጥፋባችሁ እንጂ እሱ ሜሴጅ ከኔ በላይ ይከራከርላችኋል።

ደግሞ የሰዓት ለውጥ ሲመጣ በስልክ «ተቀበል» የምትል ነገር ትመጣለች፣ ሳታነቡ አትንኳት። አንዴ ከተቀበላችሁ በአዲሱ ሰዓት ተስማምታችኋል ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ የምትሰርዙት እናንተ ናችሁ። ቫውቸርም እንደዛው፣ «ለሚቀጥለው ጉዞህ ይሁንልህ» ሲሉህ ደስ ብሎህ ከወሰድክ ጥሬ ብር የመጠየቅ ነገር በአብዛኛው አከተመ። በየሁለት ወሩ ለሚመላለስ ነጋዴ ቫውቸር አይከፋም፣ ለእድሜ ልክ አንዴ ለዑምራ ለሚሄድ ሰው ግን ምን ይሰራለታል?

«መሄጃውን ባልጠቀምበት መመለሻው ይቆየኛል»

አይቆይም። ደርሶ መልስ ቲኬት በቅደም ተከተል ነው የሚበላው፣ የመጀመሪያውን ከዘለልክ ሲስተሙ ቀሪውን ይሰርዘዋል። ከአዲስ አበባ በጓደኛው መኪና መጥቶ ለመመለሻው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ኤርፖርት ሻንጣውን ይዞ የቆመ ሰው በዓመት አንድ ሁለት አይጠፋም። (በነገራችን ላይ ቲኬቱ ላይ ደሴ ቢልም ኮምቦልቻ ቢልም ያው አንዱ ኤርፖርት ነው፣ ደሴ ውስጥ ኤርፖርት የለም፣ የእንግዳ ዘመድ ሲመጣ ንገሩት።)

«ሪፈንዱ ለተሳፋሪው ነው የሚመለሰው»

ለከፈለው ነው የሚመለሰው፣ በከፈለበት መንገድ። ወንድምህ ጅዳ ሆኖ በካርዱ ከከፈለልህ ወደ ወንድምህ ካርድ ይሄዳል፣ ደሴ ቢሮ መጥተህ «ስጡኝ» ብትለኝ የምሰጥህ የለኝም። ከኤጀንት ከገዛህ መጀመሪያ ወደ ኤጀንቱ ነው የሚመጣው፣ ከዛ ወዳንተ፣ ስለዚህ አየር መንገዱ ጋ ደውለህ «ኤጀንትህን ጠይቅ» ሲሉህ እያሾፉብህ አይደለም። የኤጀንቱ የአገልግሎት ክፍያ ግን በአብዛኛው አይመለስም፣ እኛም ዳቦ እንበላለን። ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አትስጡ፣ ለኔም ቢሆን።

አንድ ያስቸገረ ነገር ደግሞ የምንዛሬው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር በ57 ብር አካባቢ እያለ ቲኬት ገዝተው ከዛ በኋላ የሰረዙ ደንበኞች ነበሩኝ፣ «ቲኬቱ በዶላር የተተመነ ነው፣ በዛሬው ዋጋ መልሱልኝ» አሉ። ሃሳባቸው ይገባኛል፣ በዛ ብር ያንኑ ቲኬት መልሰው መግዛት አይችሉማ። ግን የሚመለሰው የተከፈለው ብር ነው፣ በብር ከከፈልክ በብር፣ በሪያል ከተከፈለ በሪያል።

«በረራ ከዘገየ 600 ዩሮ ይከፍሉሃል»

ቲክቶክ ያመጣው ነው ይሄ። ህጉ እውነት ነው፣ የአውሮፓ ህብረት ቁጥር 261 የሚባለው የ2004 ደንብ ነው፣ ለሩቅ በረራ እስከ 600 ዩሮ ካሳ ያስከፍላል። ግን የሚሰራው ከአውሮፓ ህብረት ሀገር ለሚነሳ ማንኛውም በረራ፣ ወይ ደግሞ ወደዛ በህብረቱ አየር መንገድ ለሚገባ ነው። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመጣህ ይሰራልሃል፣ በዚያው አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ስትሄድ ግን አይሰራም፣ በጀርመኑ አየር መንገድ በሉፍታንዛ ከሄድክ ደግሞ ይሰራል። አየር ንብረት የመሰለ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ከሆነ ካሳው ይቀራል። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ዘገየብኝ ብሎ ዩሮ የጠየቀኝ ወንድሜ፣ አብሽር፣ ሻይ እጋብዝሃለሁ።

የአሜሪካው ደግሞ «24 ሰዓት ውስጥ በነፃ ይሰረዛል» የሚባለው ነው። እሱም አለ፣ ግን ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይ ወደዛ ለሚሄድ በረራ፣ ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት የተገዛ፣ ከራሱ ከአየር መንገዱ የተገዛ ሲሆን ነው። ከኤጀንት ከገዛህ ኤጀንቱ ላይ ግዴታ የለበትም። እንደውም ህጉ አየር መንገዱን ያስመርጠዋል፣ ወይ 24 ሰዓት ሳያስከፍል ዋጋውን ይይዝልሃል ወይ ከፍለህ በነፃ ያሰርዝሃል።

«ስም ትንሽ ቢሳሳት ችግር የለውም፣ ካልሆነም ለወንድሜ አዛውረዋለሁ»

ማዛወር የሚባል ነገር ባብዛኛው የለም፣ ቲኬት በስም ነው፣ ወንድምህ አዲስ ይግዛ። የስፔሊንጉ ነገር ግን የወሎ ሰው ላይ ይብሳል፣ ሰይድና ሁሴን እና መሐመድን በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት አድርገው እንደሚጽፏቸው እኔ ነኝ የማውቀው፣ አንዱ በሁለት ኤም ሌላው በአንድ፣ አንዱ በኦ ሌላው በዩ። ፓስፖርት ላይ ደግሞ የአያት ስም ነው እንደ ቤተሰብ ስም የሚገባው፣ ሰው ግን በስልክ የራሱንና የአባቱን ስም ብቻ ነግሮኝ «ቁረጥልኝ» ይላል። በቃል አልቀበልም፣ ፓስፖርቱን ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። አንድ ፊደል ቶሎ ከታየች ትስተካከላለች፣ ቦሌ ቼክኢን ላይ ከታየች ግን የእድል ጉዳይ ናት።

«መርከብም እንደ አውሮፕላን ነው፣ ካልተሄደ ይመለሳል»

እዚህ እንኳን ባህር የለን፣ ኮምቦልቻ ያለን ደረቅ ወደብ ነው። ግን ዲያስፖራ ልጆች ለእናት ለአባት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) መጋበዝ ጀምረዋል፣ እና ጥያቄው ይመጣል። የክሩዝ ስረዛ ደረጃ ደረጃ ነው፣ ቀኑ ሩቅ እያለ ከሰረዝክ ብዙው ይመለሳል፣ እየቀረበ ሲመጣ ቅጣቱ ያድጋል፣ መጨረሻ ላይ መቶ በመቶ ይወስዱታል። ቪዛ ተከልክዬ ነው ማለት ኢንሹራንስ ከሌለህ ምክንያት አይሆንም። መርከቡ ደግሞ ከሼንገን ሀገር (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች አንዱ) ተነስቶ ቱርክ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ቪዛው ደጋግሞ መግቢያ ያለው መሆን አለበት፣ ይሄን ያላዩ ሰዎች ወደብ ላይ ይቀራሉ፣ ብሩም ይቀራል። መርከቡ አንዱን ከተማ ቢዘልም ባብዛኛው የሚመለስልህ የዛ ወደብ ክፍያ ብቻ ነው።

የሁሉም ትልቁ ግን አውሮፕላኑን ለብቻ፣ መርከቡን ለብቻ ሲገዙ ነው። በረራው ዘግይቶ መርከቡ ቢሄድ መርከቡ አይመለከተውም፣ አየር መንገዱም መርከብ አልሸጠልህም። አንዲት የሆጤ ልጅ አሜሪካ ሆና ለእናቷ ከባርሴሎና የሚነሳ ክሩዝ ገዝታ በረራውን እኔ ጋ ላከችው፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው መርከቡ በሚነሳበት ቀን ጠዋት ነበር። «አንድ ቀን ቀደም ብለው ይግቡ» አልኳት፣ «የሆቴል ብር ታስወጣኛለህ» ብላ ሁለት ቀን ተከራከረችኝ፣ በመጨረሻ እሺ አለች። እትዬ ባርሴሎና አንድ ሌሊት አደሩ፣ ሻንጣቸው ግን ከሳቸው ጋር አልደረሰም፣ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ መርከቡ ሊነሳ ስድስት ሰዓት ሲቀረው።