አዲስ ምሰሶ እየተተከለ የተቃጠለው አምፖል ለምን አይቀየርም?

«ለአዲስ የመንገድ መብራት ብር አለ፤ ለአንድ አምፖል ሲሆን የለም ይሉናል።» ይህ ቅሬታ በየሰፈሩ ይሰማል፤ ተገቢም ነው። ነገሩ ያለው በጀቱ አከፋፈል ላይ ነው።

የመንግሥት በጀት ካፒታልና መደበኛ ተብሎ ይለያል። ምሰሶ መትከልና ኬብል መዘርጋት ካፒታል ነው። አምፖል መቀየር፣ የመብራት ቆጣሪ ሒሳብ፣ የጥገና ሠራተኛው ደመወዝ ደግሞ መደበኛ። ካፒታሉ ቢተርፍም ኃላፊው እንደፈለገ ወደ መደበኛው አያዞረውም። መደበኛው ደግሞ ብዙው በደመወዝ ያልቃል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ሰኔ ላይ አምፖል ስትጠይቁ «በጀት ተዘግቷል» ትባላላችሁ። ክረምቱ ግን በሩ ላይ ነው፤ እናቶችና ተማሪዎች በጨለማ ጭቃ ይረግጣሉ።

ስለዚህ የበጀት ውይይት ሲጠራ ሂዱና «ለመንገድ መብራት ጥገና ለብቻው ስንት ተያዘ?» በሉ።