ከንጎሮንጎሮ ወደ ሴሬንጌቲ፦ ሎጅ ስለሚቀየርበት ቀን የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሰሜን ታንዛኒያ ሳፋሪ የሚሄድ ሰው በየሁለት ሦስት ቀኑ ሎጅ ይቀይራል። ዕቅድ ሲወጣ አብዛኛው ሰው ችላ የሚለው ይህንኑ የጉዞ ቀን ነው። ከካራቱ ከተማ ተነስቶ በንጎሮንጎሮ በኩል ሴሬንጌቲ መሀል ወዳለችው ሴሮኔራ የሚያደርሰው መንገድ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

«200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ አርፍደን ብንነሳ እንደርሳለን»

ርቀቱ እውነት ነው፣ ስሌቱ ግን አይሠራም። አስፋልቱ የሚያበቃው በንጎሮንጎሮ መግቢያ፣ በሎዶአሬ በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የጠጠር መንገድ በበጋ ልክ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ይሸበሸባል፤ መኪናውን ያንቀጠቅጣል፣ ብሎን ያላላል፣ ጎማ ይጨርሳል። ሴሬንጌቲ ውስጥ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። የንጎሮንጎሮ ጉድጓድ (የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ) ከንፈር ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ጠዋት ጠዋት ጉም ይውጠዋል፤ ብርዱም ጃኬት ያስፈልገዋል። በሮቹ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው የሚሠሩት፤ ከመሸ በኋላ በፓርኩ ውስጥ መንዳት ስለማይፈቀድ የባከነ ጊዜን በማታ ማካካስ አይቻልም። ጠዋት በአንድ ሰዓት መነሳት ይበጃል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ነው፤ ሾፌሩ «ሳ ሞጃ» ካለ ጠዋት አንድ ሰዓት ማለቱ ነው።

«ንጎሮንጎሮን የምናልፍበት ብቻ ስለሆነ አንከፍልም»

ይከፈላል። ንጎሮንጎሮና ሴሬንጌቲ የሚተዳደሩት በሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ክፍያውም ለየብቻ። ወደ ጉድጓዱ መውረድ ደግሞ በመኪና የሚታሰብ ሌላ ክፍያ አለው። የሴሬንጌቲ ፓርክ ፈቃድ የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ከገቡበት ደቂቃ ጀምሮ በ24 ሰዓት ነው። በሴሬንጌቲ መግቢያ፣ በናቢ ሂል በር ከቀኑ 8 ሰዓት ገብቶ ለሁለት ሌሊት የከፈለ ሰው በሦስተኛው ቀን እስከ 8 ሰዓት መውጣት አለበት፤ ካለፈ ተጨማሪ ይጠየቃል። ስለዚህ የመግቢያውን ሰዓት ከወረቀቱ ላይ አይታችሁ ያዙ፤ የመውጫውን ቀን ጠዋት የሚወስነው እሱ ነው።

«የጉዞ ቀን እንስሳ የማይታይበት፣ የባከነ ቀን ነው»

ከሁሉም የሚያሳዝነው ስህተት ይህ ነው፤ ሰው የሩቅ ማያ መነጽሩን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይተኛል። መንገዱ ግን የሚያቋርጠው አጭር ሣር የለበሰውን ሜዳ ነው። ከእሳተ ገሞራ የወረደው አመድ ከሥር ጠንክሮ ስለቀረ የዛፍ ሥር ዘልቆ አይገባም፤ ሣሩ ግን በማዕድን የበለጸገ ነው። ዊልደቢስት የሚባሉት፣ በመንጋ የሚጓዙ ትልልቅ የሜዳ አጋዘኖች ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ እዚህ መጥተው የሚወልዱትም ለዚህ ነው፤ ዛፍ የሌለበት ሜዳ አድፋጭን ከሩቅ ያሳያል። ከናቢ ሂል እስከ ሴሮኔራ ባለው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ሲምባ የሚባሉት የድንጋይ ጉብታዎች መንገዱ ዳር ላይ ናቸው። ሲምባ አንበሳ ማለት ነው፤ ስማቸውን ያገኙትም በከንቱ አይደለም። የመኪናው ጣሪያ ይከፈት፣ ሾፌሩም ቀስ ይበል።

በመንገዱ ላይ ወደ ኦልዱቫይ ሸለቆ መታጠፊያ አለ። ሜሪ ሊኪ በ1959 እ.ኤ.አ. ታዋቂውን የጥንት ሰው ዘር ራስ ቅል ያገኘችው እዚያ ነው። ሙዚየሙን ለማየት ከአንድ ሰዓት በላይ ያዙለት፤ ወደ ንጎሮንጎሮ ጉድጓድ መውረድንና ኦልዱቫይን በዚሁ ቀን መደረብ ግን አይመከርም።

«ትልቁ ጠንካራ ሻንጣ ከኋላ ይገባል»

ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ የሚጨመቅ የጨርቅ ቦርሳ ይሻላል። ቀጣዩ ጉዞ በትንሽ አውሮፕላን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው 15 ኪሎ ብቻ ነው። አቧራው በዚፕ በኩልም ስለሚገባ ካሜራን በጨርቅ ጠቅልሉት። ፌስታል በታንዛኒያ ከጁን 1 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል።

«ምሳ ደስ ባለን ቦታ ወርደን እንበላለን»

ከመኪና መውረድ የሚፈቀደው ለምሳ በተመደበ ቦታ ነው፤ በዚህ መንገድ አመቺው ናቢ ሂል ነው። ከላይ የሚያንዣብቡ ጭላቶች ምግብ ከእጅ ነጥቀው ስለሚሄዱ፣ ሲነጥቁም በጥፍራቸው ስለሚያቆስሉ፣ ካያችኋቸው መኪና ውስጥ ብሉ።

«ሴሬንጌቲና የኬንያው ማሳይ ማራ ስለሚዋሰኑ ቀጥ ብለን እንሻገራለን»

እንስሳቱ ይሻገራሉ፤ ጎብኚ ግን ከ1977 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚያ በኩል አያልፍም። በመኪና የሚሄድ ሰው ወደ ምዕራብ ዞሮ፣ በታንዛኒያ በኩል ሲራሪ በኬንያ በኩል ኢሴባኒያ በሚባለው ኬላ ያልፋል፤ ኬላው ላይም መኪናና አስጎብኚ ይቀይራል። ይህ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከኬንያ ወደ ታንዛኒያ የሚመጣ ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለበት፤ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ የተወሰደ ይሁን።